ደብረ ታቦር በዘመነ መሳፍንት

ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. የዘለቀው ዘመነ መሳፍንት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ለስሙ ያህል ተቀምጦ ሥልጣኑ ሠራዊት ባላቸው መሳፍንት እጅ የወደቀበት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነበር። የዘመኑ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በመሳፍንቱ ዘመቻ ይተረካል፤ የየጁው ራስ ጉግሣ የቆረቆሯትና በልጅ ልጃቸው በራስ ዓሊ ዘመን የገዢው መቀመጫ የነበረችው ደብረ ታቦር ግን፣ ቤተ ክርስቲያን በአንድ በኩል ከጦርነቱ መጠለያ፣ በሌላ በኩል የጦርነቱ ሰበብ እንደ ነበረች ታሳያለች።

ሠራዊቱ ቋሚ ደመወዝ ስላልነበረው ቀለቡ የሚወጣው ከባላገሩ ጎተራ ነበር። በባላገሩ ቤት የሚያድረው ወታደር ተሰሪ ይባል ነበር፤ ባለቤቱም የመመገብ ግዴታ ነበረበት። ስለዚህ ባላገሩ እህሉንና ንብረቱን በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያስቀምጥ፣ ሸሽቶ የመጣም ሰው ከቅጥሩ ገብቶ ይማጠን ነበር። ገዳማትና አድባራት ለተማጸነባቸው ሰው የሚሰጡት ይህ ከለላ ከጦር በስተቀር ሕግ በሌለበት ዘመን ለድኃው ትልቁ ዋስትና ሲሆን፣ በጣና ዳር ያለችው ቆራጣ ከተማዋ በሙሉ መማጠኛ ነበረች። ከለላው ጸንቶ የቆየው ወራሪው ውግዘትን፣ ማለትም ከምእመናን አንድነት መለየትን፣ ስለሚፈራ ነው፤ የጨከነ መስፍን የጣሰው ጊዜም አልጠፋም።

ከጦርነቱ ባልተናነሰ ሃይማኖታዊውን ሕይወት የጎዳው የጳጳስ መታጣት ነበር። ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ሲሆን፣ ክህነት የሚሰጠውና ታቦት የሚባርከውም እርሱ ብቻ ነበር። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ መንበሩ ከአሥር ዓመት በላይ ባዶ በመቆየቱ፣ ያረጁትን ካህናት የሚተካ አዲስ ካህን አልተሾመም። በ1834 ዓ.ም. ወጣቱ አቡነ ሰላማ ሲመጡ ያስመጧቸው የሰሜንና የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ ራስ ዓሊን ወደ እስልምና ያዘነብላሉ ብለው ከሰው፣ በጳጳሱ ግርማ ተደግፈው በዚያው ዓመት በደብረ ታቦር ጦርነት ገጠሙ። ውጊያውን ቢያሸንፉም ድሉን ሲያከብሩ በራስ ዓሊ ወገን በብሩ አሊጋዝ ተማረኩ።

የመሳፍንቱ ፉክክር ከነገረ መለኮት ክርክር ጋርም ተሳስሮ ነበር። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የባሕርይ ልጅ ሆነ የሚለው ቅባት በጎጃም፣ ሦስት ልደት የሚባለው የጸጋ ወገን በጎንደርና በሸዋ፣ ልጅነቱ በተዋሕዶ ነው የሚለው ካራ ደግሞ በትግራይ ይበረታ ነበር። አቡነ ሰላማ በካራ በመጽናታቸው በ1838 ዓ.ም. ከጎንደር ተባረሩ፤ በ1846 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሣ በአምባ ጫራ ጉባኤ ካራን አጽንተው፣ በማግሥቱ ዓመት በደረስጌ ማርያም በጳጳሱ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በየደብሩ የሚቀድሰው ካህን እንግዲህ የገዢው እምነት በተለወጠ ቁጥር አንድም መታዘዝ አንድም መሰደድ ነበረበት።

ሙስሊሙም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረም። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለችው በደሪጣ የሚኖሩ ሙስሊም ነጋዴዎች በክርስቲያኑ አገር ርስት ስላልነበራቸው ኑሯቸውን በንግድ መሥርተው፣ ጨውንና ጨርቅን ለመኳንንቱም ለባላገሩም ያቀርቡ ነበር። የሃይማኖት ክስ የመሳፍንት መሣሪያ በሆነበት ጊዜም ገበያው ሁለቱን ሕዝቦች ማገናኘቱን አላቋረጠም።

ደብረ ታቦር በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲያፈገፍጉ፣ በራሳቸው ትእዛዝ ተቃጠለች። በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየአድባራቱ ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ደግሞ ብዙዎቹን መቅደላን የያዙት እንግሊዞች በዚያው ዓመት ወሰዷቸው። በመጻሕፍት ኅዳግ ላይ የጉልት፣ የውርስና የሽያጭ ውሎች ይጻፉ ስለ ነበር፣ የጠፋው የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የባላገሩም መዝገብ ነው። በየደብሩ የቀሩትን ብራናዎች መጠበቅና ማጥናት፣ የመሳፍንቱ ዜና መዋዕል የዘለለውን የተራውን ሰው ታሪክ ማዳን ነው።