ስለ ጉበት ሕመምና ስለ ሌሊት ረኀብ

ጉበት በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ ትልቅ ብልት ነው። ሥራው ብዙ ነው፤ አሁን የሚነገረው ግን ስለ ጎተራነቱ ነው። ሰው እህል በበላ ጊዜ ከእህሉ የሚወጣው ስኳር በደም ወደ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም የተረፈውን ግሊኮጅን ወደሚባል ነገር ለውጦ ያኖረዋል። ይህንንም ግሊኮጅን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ከጉበት ለይቶ ያወጣው ክሎድ ቤርናር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ጤነኛ ጉበት 100 ግራም ያህል ያከማቻል፤ ሰው ተኝቶ ሳለ አንጎሉ ስኳር ሳያጣ የሚያድረው ከዚህ እየተቀነሰ ስለሚሰጠው ነው።

በሄፓታይተስ ቫይረስ ወይም በመጠጥ ብዛት ጉበት ጠባሳ አበጅቶ የጠጠረ እንደ ኾነ ግን ጎተራው ይጠብባል፤ ስንቁም ሳይነጋ ያልቃል። ያን ጊዜ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን አፍርሶ ስኳር መሥራት ይዠምራል። ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አንዲት ሌሊት ሳይበላ ቢያድር፤ ሰውነቱ ሁለት ሦስት ቀን እንደ ተራበ እንደ ጤነኛ ሰው ሰውነት ይኾናል። ክንዱና ጭኑ ይከሳል፤ ሆዱ ግን ውኃ ቋጥሮ ሲነፋ ሚዛን ክብደቱ እንዳልጐደለ አድርጎ ያታልላል። ጡንቻም አሞንያ የሚባለውን መርዝ ከደም በማጥራት ጉበትን ይረዳ ነበርና፤ መክሳቱ ጉዳቱን ያብሰዋል።

ሕመሙ እጅግ የጸናበት ሰው የደሙ ስኳር ሌሊት ሊወርድ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩም ይሳሳታል። ጐረቤት ሰክሯል ይለዋል፤ ይህ ግን ክፉ ስሕተት ነው። መዋጥ የሚችል ከኾነ ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጦ ቶሎ ማጠጣት፤ ከዚያም ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ራሱን ከሳተ ግን እንዳያንቀው በአፉ ምንም ሳያደርጉ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

መከላከያው ውድ አይደለም፤ ሊተኛ ሲል መብላት ነው። 70 ግራም ያህል በሶ ተበጥብጦ ቢጠጣ ለሌሊቱ ስንቅ ይበቃል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ሐኪም ይጠይቅ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በታተመ በኒው ዚላንድ በተደረገ ምርመራ፤ ተጨማሪ ምግብ በማታ የተሰጣቸው ሕመምተኞች በ12 ወር ውስጥ ሥጋ አበጅተዋል፤ ያው ምግብ በቀን የተሰጣቸው ግን አላበጁም። ቀድሞ ሐኪሞች ፕሮቲን ያለበትን ምግብ ይከለክሉ ነበር፤ ይህም ትእዛዝ ብዙ ሰው አክስቶ ዛሬ ቀርቷል። አሁን ሽሮ፤ ምስር፤ እንቁላልና ወተት እንዲበላ ይመከራል። ጾመኛ የኾነ ሕመምተኛም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመቆየቱ አስቀድሞ ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ቁርሱንም እንደ ነቃ ይብላ።