ማዳመጥም ትምህርት ይሻል ፤ የቤተ ሰብ ሐኪምና የድብርት ሕመም

ሰው ሲታመም ሕመሙ በሥጋው ላይ የታየ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ፈጥኖ ይረዳዋል። ትኩሳት የያዘውን ያስተኙታል፤ እግሩ የተሰበረውን ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ያደርሱታል። ሕመሙ በመንፈስ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከአልጋው መነሣት ያቃተውን «ሰነፈ» ይሉታል፤ እህል አልዋጥ ያላትን እናት «ምን ጐደለብሽ?» ይሏታል፤ መጸለይ እንኳ የከበደውን ወጣት «እምነቱ ቀዘቀዘ» ብለው ይፈርዱበታል። እንዲህ ያለው ፍርድ ሕመምተኛውን ሁለተኛ ያቈስለዋል።

ሐኪሞች ድብርት የሚሉት ይህ ሕመም ከተራ ኀዘን የሚለይበት ምልክት አለው። ኀዘንተኛን በለቅሶው መካከል እንኳ የወዳጅ ቃል ያጽናናዋል፤ ቀን ሲገፋም ኀዘኑ እየቀለለ ይሄዳል። ድብርት የያዘው ሰው ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ልቡ እንደ ጨለመ ይሰነብታል፤ ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረው ሁሉ ይሰለቸዋል፤ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ይዛባል፤ ጉልበቱ ይደክማል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ይሳነዋል፤ ራሱን ያለ ልክ ይወቅሳል፤ ሲብስበትም ሞትን ይመኛል። ብዙ ጊዜ ግን ይህን ለሐኪም አይናገርም፤ የሚናገረው ራሱን እንደሚያመው፥ ወገቡን እንደሚቈረጥመው፥ ሰውነቱ እንደ ዛለ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያገኘው የአእምሮ ሐኪም ሳይሆን በአቅራቢያው ያለው ጠቅላላ ሐኪም ነው። እንግዲህ ይህ ሐኪም ከክኒኑ ሌላ በቃል ማከምን ቢማር ምን ይጠቅማል? ትምህርቱስ እንዴት ያለ ሊሆን ይገባል?

ይህን ጥያቄ ለረዥም ጊዜ ከመረመሩት አገሮች አንዷ ብሪታንያ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ አገር ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከተቋቋመበት ከ1948 ጀምሮ ሕዝቡ በየሰፈሩ በቤተ ሰብ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል። በቡዳፔስት የተወለዱት የሥነ ልቡና ሐኪም ሚካኤል ባሊንት በ1950ዎቹ ዓመታት በሎንዶን ከተማ በታቪስቶክ ክሊኒክ፥ ከባለቤታቸው ከኢኒድ ባሊንት ጋር፥ የቤተ ሰብ ሐኪሞችን እየሰበሰቡ ስለ አስቸገሯቸው በሽተኞች ያወያዩ ነበር። በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስረዱት ዋና ነገር፥ ሐኪሙ ራሱ በአቀባበሉና በአነጋገሩ እንደ መድኃኒት የሚሠራ መሆኑን ነው። መድኃኒትም ከሆነ መጠኑና አሰጣጡ ሊጠና ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ የንግግር ሕክምና ልዩ ልዩ ዐይነት ሆኗል። ለቤተ ሰብ ሐኪም ከሚቀርቡት አንዱ ችግርን በየደረጃው መፍታት የሚባለው ነው። ለምሳሌ ሥራውን ያጣ፥ ዕዳ የከበደው፥ ከሚስቱም ጋር መነጋገር ያቆመ አባት አለ እንበል። ሐኪሙ አይገሥጸውም፤ «አይዞህ» ብሎም ብቻ አይሸኘውም። በመጀመሪያ የሚያስጨንቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስቈጥረዋል። ቀጥሎ ከሁሉ አንዱን፥ ሊደረስበት የሚቻለውን፥ ያስመርጠዋል። ሰውዬው ራሱ ልዩ ልዩ መፍትሔ ያወጣል፤ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ይመዝናል፤ አንዱን ይመርጣል። «እስከሚመጣው ሳምንት ከአበዳሪዬ ጋር ተገናኝቼ ቀን አስጨምራለሁ» ብሎ ይወስናል። ሲመለስም የሆነውን አብረው ይመረምራሉ። ትንሽም ብትሆን ነገሩ በእጁ እንደ ሆነ ሲያይ ተስፋው ይመለሳል።

ይህ ሕክምና በኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ተፈትኖ ውጤቱ በ1995 ታትሟል። 91 ሕመምተኞች በዕጣ ለሦስት ተከፍለው፥ አንዱ ወገን ይህን የንግግር ሕክምና፥ ሁለተኛው አሚትሪፕቲሊን የተባለውን መድኃኒት፥ ሦስተኛው ፍሬ ነገር የሌለበትን ክኒን ለ12 ሳምንት አገኘ። በመጨረሻ በንግግር የታከሙት ከመቶ 60፥ በመድኃኒት የታከሙት ከመቶ 52፥ ባዶውን ክኒን የወሰዱት ከመቶ 27 ድነው ተገኙ። የንግግሩ ሕክምና የተሰጠው በ6 ጊዜ መገናኘት ብቻ ነበር።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ለሐኪሞች ሁሉ አጭር ትምህርት ሰጥቶ ማሰማራት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በ2002 የታተመ ሌላ የእንግሊዝ አገር ጥናት ይህን አሳብ ያርመዋል። 84 የቤተ ሰብ ሐኪሞች ተመርጠው፥ አንዱ ወገን አስተሳሰብንና ጠባይን የሚያቃና የንግግር ሕክምናን በአራት የግማሽ ቀን ስብሰባዎች ተማረ፤ ሌላው ወገን ለጊዜው ሳይማር ቈየ። 272 ሕመምተኞች ሲመረመሩ ግን በተማሩትና ባልተማሩት ሐኪሞች እጅ በታከሙት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ተመራማሪዎቹም ሐኪሞች ከዚህ የበለጠ ትምህርትና ድጋፍ ሳያስፈልጋቸው እንደማይቀር ደመደሙ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የዜማ ተማሪ ዜማን በመስማት ብቻ አይማርም፤ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ይቀጽላል፤ የሳተውን ያርሙታል፤ ነገም መልሶ ይቀጽላል። ማዳመጥም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ መቼ ዝም እንደሚል፥ መቼ እንደሚጠይቅ፥ ምክርን ለመስጠት የሚቸኩል አንደበቱን እንዴት እንደሚገታ የሚማረው ሥራውን በሚያይለት መምህር ሥር ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ያሳዘኑት አፋቸውን ከፍተው መፍረድ በጀመሩ ጊዜ ነው።

የሚያርም መምህር ካለ ደግሞ ከሐኪም በታች ያለውም ሰው ይበቃል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በጀመሩት ሥራ፥ በዕድሜ የገፉ እናቶች ይህንኑ ችግርን በየደረጃው የመፍታት ዘዴ ተምረው በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ሕመምተኞችን ያነጋግራሉ፤ ሥራቸውንም የሚከታተል ባለሙያ አላቸው። በ2016 የታተመው ጥናት የተካፈሉበት 573 ሰዎች ነበሩ፤ በእናቶቹ የተረዱት ከሌሎቹ ይልቅ በእጅጉ ተሽሏቸው ተገኝተዋል።

ለአገራችንም ይህ ቅርብ ጉዳይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ተሞክሯል፤ በያኔው ጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳም የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለዚሁ ሠልጥነዋል። የቤተ ሰብ ሕክምናም በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የሐኪሞች ትምህርት ሆኖ ተጀምሯል። እንግዲህ የሚያሠለጥኑት ሊያስቡበት የሚገባው፥ ሠልጣኙ የምስክር ወረቀት ከተቀበለ በኋላ ማን ያርመዋል የሚለውን ነው።

አንዳንድ ምእመናን «የነፍስ አባት እያለን ለሐኪም መናገር ለምን?» ይላሉ። ሁለቱ አይጋጩም። የነፍስ አባት ንስሐን ይቀበላል፥ ይጸልያል፥ ቀኖና ይሰጣል፤ ሐኪሙ ደግሞ ሕመምን ይመረምራል። ድብርት ሕመም እንጂ ኀጢአት አይደለም። አስተዋይ የሆነ የነፍስ አባትም ልጁን «ጸሎትህን ያዝ፤ ወደ ሐኪምም ሂድ» ብሎ ይልከዋል። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት በገዛ እጁ ሊያቋርጥ አይገባውም፤ ሕመሙ የጸና ሲሆን ንግግርም መድኃኒትም ሁለቱ ያስፈልጋሉና።

ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር አትፍረዱበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ፤ ለሐኪሙም የራስ ምታቱን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣቱንና ተስፋ መቍረጡን እንዲነግር አግዙት። ሞትን የሚመኝ ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ነገ አትበሉ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ሐኪሙ ማዳመጥን በትምህርት ያገኘዋል፤ በቤት ያለን እኛም ባንፈርድ የታመመው ሰው ለመናገር አፉን ይከፍታል።