ደመወዝ ሌላ፣ ጥሪት ሌላ

በዲትሮይት ከተማ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ «ኤይት ማይል» ከሚባለው ጎዳና አጠገብ፣ በመኖሪያ ቤቶች ጓሮ በኩል የሚያልፍ አንድ የኮንክሪት ግንብ አለ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ያህል፣ ርዝመቱ ደግሞ ወደ 800 ሜትር ይጠጋል። ጎረምሳ የሚዘለው፣ ሌባም የማያስቆም ግንብ ነው። የተሠራው በ1941 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ የቤት ሠሪ ነጋዴ ለነጮች ብቻ የሚሸጥ ሰፈር ሊገነባ አስቦ የመንግሥት የብድር ዋስትና ይጠይቃል። የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር መሬቱ ጥቁሮች ከሚኖሩበት ሰፈር ጋር ይዋሰናል ብሎ ይከለክለዋል። ነጋዴው በሁለቱ ሰፈሮች መሀል ግንቡን አቆመና ተመልሶ ሄደ። ዋስትናው ተፈቀደለት።

ዛሬ በግንቡ ግራና ቀኝ የሚኖሩት በአብዛኛው ጥቁሮች ናቸው፤ ከፊሉ ላይም ሥዕል ተሥሎበታል። ይህን ግንብ ከሌሎች የዘር አድልዎ ቅርሶች የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሲሚንቶውን የገዛው የግል ነጋዴ ነው፤ ያስገነባው ግን የመንግሥት ቢሮ ደንብ ነው።

ስለ አሜሪካ ጥቁሮችና ነጮች የኑሮ ልዩነት ሲወራ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚመጣለት ደመወዝ ነው። እሱም ቢሆን ይለያያል። በመካከለኛ ኑሮ ደረጃ ላይ ያለ የነጭ ቤተሰብ 100 ዶላር ሲያገኝ የጥቁሩ ከ60 እስከ 65 ዶላር ያገኛል። ነገር ግን ደመወዝ ሌላ፣ ጥሪት ሌላ ነው። ጥሪት የምለው ቤቱም፣ ቁጠባውም፣ አክሲዮኑም፣ የጡረታ ሒሳቡም ተደምሮ ዕዳው ሲቀነስ የሚተርፈውን ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ይህን በየሦስት ዓመቱ ያጠናል። በ2022 ነጭ ቤተሰቦች ከደሃው እስከ ሀብታሙ በተርታ ቢሰለፉ መሀል ላይ የሚገኘው 285,000 ዶላር ጥሪት ነበረው። በጥቁሮቹ ሰልፍ መሀል ላይ የሚገኘው 44,900 ዶላር ነው። ስድስት እጥፍ ይበላለጣሉ ማለት ነው። ከ2019 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት የጥቁሮቹ ጥሪት በመቶኛ ሲታይ ከነጮቹ ፈጥኖ አድጓል፤ ግን የተነሱበት ዝቅ ያለ ስለነበር በዶላር ሲቆጠር ክፍተቱ ይበልጥ ሰፋ።

ደመወዝ ለወሩ ነው። ጥሪት ግን ሥራ ሲጠፋ ቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅን ያለ ዕዳ ኮሌጅ ያስገባል፣ ለአዲስ ተጋቢዎች የቤት ቅድመ ክፍያ ይሆናል። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት በጀት ጥሩ ክፍል ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሚሰበሰብ፣ ውድ ቤት ያለበት ሰፈር ልጅ የተሻለ ትምህርት ቤት ያገኛል። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ያን ያህል አይከብድም። በእኛው 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው ቤተሰቦች ልጆች፣ አንዳንዶቹም የልጅ ልጆቻቸው፣ ያ ቤት ቢኖር ኑሯቸው የት በደረሰ ነበር እያሉ እስከ ዛሬ ያሰላሉ። አንድ ትውልድ ያጣውን ቤት ቀጣዩ በደመወዝ አይተካውም። ልዩነቱ፣ በእኛ አገር የተወረሰው የተሠራ ቤት ነው፤ በአሜሪካ ግን ጥቁሮቹ የተከለከሉት ገና መግዛቱን ነው።

የክፍተቱ ታሪክ ከባርነት መጀመሩን ሁሉም ያውቃል፤ ካሳው ለማን እንደተከፈለ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በሚያዝያ 1862 በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ባርነት ሲሻር ኮንግረስ ካሳ መድቦ ነበር፤ ለአንድ ባሪያ እስከ 300 ዶላር፣ ተከፋዩ ጌታው። በጥር 1865 ጄኔራል ሸርማን ከሳውዝ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ባለው የባሕር ዳርቻ ነፃ ለወጡት፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች መለሰው። በዚያው ዓመት ነፃ የወጡት እንዲቆጥቡበት የተቋቋመው የፍሪድማንስ ባንክ ደግሞ አስተዳዳሪዎቹ ገንዘቡን ለግምት ንግድ እየረጩት በ1874 ተዘጋ። ከ60 ሺህ በላይ ቆጣቢዎች ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ቀለጠባቸው። «ቆጥቡ» የተባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ቆጥበውም ነበር።

የዛሬውን ክፍተት ያሰፋው ግን ከሁሉ በላይ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንን ነው። የአሜሪካ መካከለኛ መደብ የተፈጠረው በገበያ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት እጁን አስገብቶ ነው የፈጠረው። ከ1930ዎቹ በፊት ቤት ለመግዛት የዋጋውን ግማሽ ያህል አስቀድሞ መክፈል የተለመደ ነበር። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ባንኮችን «ተበዳሪው ባይከፍል እኔ አለሁ» አላቸው። ቅድመ ክፍያው ወደ 20፣ በኋላም ወደ 10 በመቶ ወረደ፤ የመክፈያው ጊዜም ረዘመ። ሠራተኛው ሕዝብ የቤት ባለቤት ሆነ። ይኸው መሥሪያ ቤት ግን የጥቁሮችን ሰፈር ለብድር የማይበቃ አደጋ አድርጎ ቆጠረ። የሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ደግሞ ከ200 በላይ ከተሞችን ካርታ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ከፋፈሉ፤ ጥቁሮች ያሉበት ሰፈር ከሞላ ጎደል ቀይ ተቀባ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች የወጣውም ሕግ እንዲሁ ነው። በወረቀቱ ላይ ዘር የሚል ቃል የለበትም። ብድሩን የሚሰጠው ግን የአካባቢው ባንክ ነበር። በ1947 በ13 የሚሲሲፒ ከተሞች ውስጥ በዚህ ሕግ ዋስትና ከተሰጡ 3,229 ብድሮች ሁለቱ ብቻ ለጥቁሮች ደረሱ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ አጠገብ የተጀመረው የሌቪትታውን ሰፈር ቤቶች ብዙም ሳይቆዩ በ8,000 ዶላር ገደማ ይሸጡ ጀመር፤ ውሉ ላይ ግን ከነጭ ዘር በቀር ሌላ እንዳይኖርባቸው የሚል አንቀጽ ነበረ። ዛሬ እዚያ ሰፈር አንዱ ቤት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል።

ብድር የተከለከለው ጥቁር ቤት ሳይገዛ ቀረ ማለት አይደለም። ገዛ፤ አገዛዙ ነው ጉዱ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በቺካጎ ይሠራበት የነበረውን ዘዴ እንመልከት። ደላላው ወደ ነጭ ሰፈር ይሄድና «ጥቁሮች እየመጡ ነው፣ ሳይረክስ ሽጡ» ብሎ ያስደነግጣል፤ ቤቱን በርካሽ ይገዛል። ከዚያ እጥፍ ለሚጠጋ ዋጋ ለጥቁር ቤተሰብ በውል ይሸጣል። ገዢው ቅድመ ክፍያ ይከፍላል፣ በየወሩ ይከፍላል፣ ጣሪያውን ያድሳል፣ ግብሩን ይችላል። የባለቤትነት ካርታው ግን የመጨረሻዋ ሳንቲም እስክትከፈል በሻጩ ስም ነው። አንድ ወር ከዘለለ የከፈለው ሁሉ ቀርቶ ይባረራል፤ ቤቱም በማግሥቱ ለሌላ ጥቁር ቤተሰብ ይሸጣል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እንዳወጡት፣ በዚያ ዘመን በቺካጎ ለጥቁሮች ከተሸጡ ቤቶች ከ75 እስከ 95 በመቶው በዚህ ውል የተሸጡ ናቸው፤ ከቤተሰቦቹ የወጣው ገንዘብም በዛሬ ዋጋ ከ3 እስከ 4 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። በ1968 በከተማዋ የኖርዝ ሎንዴል ሰፈር ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ክፍያ አቆሙ። የተወሰኑት ውላቸውን አሻሻሉ፤ ሌሎቹ በፖሊስ ከቤታቸው ወጡ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 4 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለ፤ ሚያዝያ 11 በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ። በሩ ተከፈተ፤ የቤት ዋጋው ግን ሽቅብ ሄዶ ነበር። ዛሬ ከአራት ነጭ ቤተሰቦች ሦስቱ ያህል የራሳቸው ቤት አላቸው፤ ከጥቁሮቹ ግን ከግማሽ ያነሱት። ይህ ክፍተት አድልዎ ሕጋዊ ከነበረበት ከ1960ው አላነሰም። የ2008ቱ የብድር ቀውስም ጥቁሮቹን መታ። የፍትሕ ሚኒስቴር ካንትሪዋይድ የተባለው አበዳሪ ከ200 ሺህ በላይ ጥቁርና ሂስፓኒክ ደንበኞችን፣ ተመሳሳይ አቅም ካላቸው ነጮች የበለጠ አስከፍሏል ብሎ ከሰሰ፤ ጉዳዩም በ2011 በ335 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

ይህን ታሪክ ሁሉም በአንድ መንገድ አይተረጉመውም። የምጣኔ ሀብት ታሪክ አጥኚዎች እነዚያ ባለቀለም ካርታዎች ራሳቸው የተባለውን ያህል ጉዳት እንዳላደረሱ ያሳዩበት ጥናት አለ፤ በቀዩ ክልል ከሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው እንዲያውም ነጭ ነበር። እንደ ቶማስ ሶዌል ያሉ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ ከካሪቢያን የመጡ ጥቁሮች የተሻለ ኑሮ መያዛቸውን እያነሱ ዘረኝነት ብቻውን ምክንያት አይሆንም ይላሉ፤ የቤተሰብን አኗኗርና ልማድን ይጠቅሳሉ። በሌላ ወገን፣ በራጅ ቼቲ የተመራው የ2018 ጥናት በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያንን መዝገብ አይቶ ያገኘው ነገር ለሁለቱም ወገን የሚመች አይደለም። ገቢው እኩል በሆነ ቤት፣ በአንድ ሰፈር ያደጉ ጥቁርና ነጭ ወንዶች ልጆች ሲያድጉ እኩል አያገኙም። የሴቶቹ የግል ገቢ ግን ይቀራረባል። የልማድ ጉዳይ ነው የሚል ሰው፣ በአንድ ቤት ያደጉ እህትና ወንድም እንዴት እንዲህ እንደሚለያዩ ማስረዳት አለበት። ጥሪት ብቻ ነው የሚለውም እንዲሁ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሐበሻው ሳይወድ ይገባበታል። «እኛ ባዶ እጃችንን መጥተን፣ ፓርኪንግ ሠርተን፣ ታክሲ ነድተን፣ ዕቁብ ጥለን ቤት ገዛን፤ እነሱ ምን ሆኑ?» የሚለውን ጥያቄ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ የማይሰማ የለም። ትጋቱ እውነት ነው፤ ማንም አይነጥቀንም። ሒሳቡ ግን ይጎድላል። ወደ አሜሪካ የደረሰው ሐበሻ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ዲቪ እንኳ ቢያንስ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ወይም ሙያ ያለው ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ግን የጊዜው ነገር አለ። ለአፍሪካውያን በሩን ሰፋ ያደረገው የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው በ1965፣ የስደተኞች ሕግ በ1980፣ ዲቪ በ1990 ነው። አብዛኞቻችን የመጣነው ከ1968ቱ የቤቶች ሕግ በኋላ ነው። በዋና ከተማዋ ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ስንገዛ ደላላው ቀለማችንን አይቶ በሕግ ሊከለክለን ያልቻለው፣ ሌሎች ታስረውና ተደብድበው ስላስለወጡት ነው።

በዋሽንግተን ናይንዝ ስትሪት፣ በሾው ሰፈር፣ ይህ ጉዳይ አንዴ ፊት ለፊት ወጥቷል። አካባቢው የጥቁሮች ንግድና ሙዚቃ ማዕከል የነበረ፣ ከኪንግ ግድያ በኋላ በተነሳው ሁከት ተቃጥሎ ለረጅም ዓመታት የተዘነጋ ነው። ኪራዩ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ሐበሾች ሬስቶራንት ከፈቱበት፣ አደመቁትም። በ2005 ገደማ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ይሰየም የሚል ጥያቄ ሲቀርብ የድሮዎቹ ጥቁር ነዋሪዎች ተቆጡ። ምቀኝነት የመሰላቸው ወገኖች ነበሩ። እኔ ግን ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ሰፈሩ ስም ሳይቀየርበትም ከእጃቸው እየወጣ ነበር። በዋና ከተማዋ፣ በሰልፉ መሀል ላይ ያለው ነጭ ቤተሰብ ጥሪት ከጥቁሩ 81 እጥፍ መሆኑን የኧርበን ኢንስቲትዩት ጥናት በ2016 አውጥቷል።

ምን ይደረግ በሚለው ላይ አገሪቱ አልተስማማችም። የካሳን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን ይቋቋም የሚለውን ረቂቅ የምክር ቤት አባሉ ጆን ኮንየርስ በ1989 አቀረቡት፤ እስከ ዛሬ አልጸደቀም። ኤቫንስተን የተባለችው የኢሊኖይ ከተማ በ2021 ለተጎጂዎችና ለዘሮቻቸው 25,000 ዶላር የቤት ድጋፍ ለመስጠት ወሰነች፤ ክስ ተከትሏታል። ኮኔቲከት ደግሞ ዘር ሳትጠራ ከደሃ ቤተሰብ ለሚወለድ ሕፃን 3,200 ዶላር በስሙ ታስቀምጣለች፤ ሲያድግ ለትምህርት፣ ለቤት ወይም ለንግድ ያውለዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳያዩ የሰጠው ውሳኔ ዘርን በስም የሚጠራ ማንኛውንም ፕሮግራም ለክስ ስላጋለጠ፣ የኮኔቲከቱ ዓይነት መንገድ ዕድሜው ይረዝማል ብዬ እገምታለሁ።

ሲያትልና አካባቢዋ ላለው አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የዋሽንግተን ግዛት በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ከእያንዳንዱ የንብረት ሰነድ ምዝገባ ላይ 100 ዶላር እየሰበሰበ፣ ቀድሞ ቤት እንዳይገዙ ለተከለከሉ ሰዎችና ለዘሮቻቸው የመጀመሪያ ቤት ቅድመ ክፍያ ያበድራል። ጥቁር መሆን ብቻውን አይበቃም። አመልካቹ ራሱ ወይም ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከሚያዝያ 1968 በፊት በግዛቷ የኖረ መሆኑን በሰነድ ማሳየት አለበት። ስለዚህ አብዛኛው ሐበሻ አያገኘውም። እኔ በበኩሌ ልክ ነው እላለሁ፤ ዕዳው ለእኛ የሚከፈል አልነበረም።