የኢትዮጵያ ጉዳይ ዋይት ሃውስ የሚገባባቸው በሮች

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ ብዙ የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ለዓመታት ጥቅምት ሲጠባ ደጃፋቸው ላይ «ዲቪ ይሞላል» የሚል ወረቀት ሲለጥፉ ኖረዋል። ተራ የሚጠብቀው ወጣት ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ግድ ባይኖረውም፣ የቪዛ ሎተሪውን ያመጣው ጆርጅ ቡሽ አባት በኅዳር 1983 ዓ.ም. የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው የባልቻ ሆስፒታል የሶቪየት ቀይ መስቀል ሥራ ነው። ሜክሲኮን አልፎ የአፍሪካ ኅብረት ደጅ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በወጉ ሩዝቬልት ጎዳና ይባላል፤ በዚያ ስም የሚጠራው ባለታክሲ ማግኘት ግን ይቸግራል። የታላላቆቹ መንግሥታት ፉክክር በዚህ ሰፈር ዙሪያ እንዲህ ያሉ አሻራዎች ትቷል።

አሜሪካ ምርጫ ባካሄደች ቁጥር እኛ ጋ የሚነሳው ጥያቄ «ለእኛ የሚሻለው የቱ ነው?» የሚል ነው። መጠየቁ ባይከፋም ብዙ ርቀት አያስኬድም። ያለፉትን ሃምሳና ስልሳ ዓመታት መለስ ብሎ ላየ፣ የፕሬዚዳንቱ ማንነት ከሚወስነው ይልቅ የኢትዮጵያ ፋይል በየትኛው በር ወደ ቢሯቸው መግባቱ የሚወስነው ይበልጣል። በጦሩ በር ሲገባ አንድ መልስ ያገኛል፣ በረሃቡ በር ሲገባ ሌላ፣ በካይሮ በር ሲገባ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ።

የመጀመሪያው ሰፊ በር የጦሩ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ በመራራው ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ካገኙ በኋላ ግንኙነቱ እየጠበቀ ሄደ፤ በግንቦት 1945 ዓ.ም. የተፈረመው የ25 ዓመት ስምምነትም የአስመራውን የቃኘው ጣቢያ ለአሜሪካ አጸና። ጣቢያው ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለነበር የሬዲዮ መልእክት ለመጥለፍ እጅግ የተመቸ ነበር። በምላሹ ዋሽንግተን ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች ከሰጠችው ወታደራዊ ርዳታ ከግማሽ በላዩን ለኢትዮጵያ አዋለች። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከኦክላሆማ ጋር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቲደብሊውኤ ጋር የተወዳጁት፣ በ1955 ዓ.ም. መባቻም የኬኔዲ የሰላም ጓድ መምህራን በየአውራጃው የተበተኑት በዚሁ ዘመን ነው። ያ ትውልድ አሜሪካን በእነዚያ ወጣት መምህራን በኩል አወቃት፤ የዋሽንግተን ስሌት ግን ከቃኘው አንቴናዎች አልራቀም።

ሳተላይት መጣ፣ አሜሪካ በሕንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ ሌላ ጣቢያ ሠራች፣ የአንቴናዎቹም ዋጋ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1965 ዓ.ም. ሶቪየት እስከ አፍንጫዋ ያስታጠቀቻትን ሶማሊያ ፈርተው የጦር መሣሪያ ለመጠየቅ ዋሽንግተን ሲደርሱ፣ ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ተጠምደው ነበር። ከጠየቁት ያገኙት ጥቂት ነው።

ጂሚ ካርተርን በተመለከተ እዚህ አገር ሥር የሰደደ ታሪክ አለ፤ «ካርተር ከዱን፣ መንግሥቱም ወደ ሞስኮ ሄዱ» የሚል። እውነት አለው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ተምታቷል። ደርግ ከሶቪየት ጋር በምስጢር የጦር መሣሪያ ውል የፈረመው በ1969 ዓ.ም. ታኅሣሥ አካባቢ ነው፤ ካርተር ገና ቃለ መሐላ አልፈጸሙም። ከዚያ በፊት በጄራልድ ፎርድ ጊዜ አሜሪካ ለደርግ የምትሸጠው መሣሪያ ከንጉሡ ዘመን እንኳ ጨምሮ ነበር። በየካቲት 1969 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይረስ ቫንስ በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ወታደራዊ ርዳታ የሚቀነስባቸውን አገሮች ሲያስታውቁ ኢትዮጵያን ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ ጋር ጠሩ። ሚያዝያ 15 ቀን ደርግ ቃኘውን፣ የወታደራዊ አማካሪዎቹን ቡድን፣ የአሜሪካ የማስታወቂያ አገልግሎትን፣ የባሕር ኃይሉን የሕክምና ምርምር ክፍልና በአስመራ የነበረውን ቆንስላ ዘግቶ ሠራተኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ። ቃኘውን አሜሪካውያኑ ራሳቸው ሊዘጉት ወስነው ነበር፤ ደርግ ያባረረው ሻንጣውን ያዘጋጀ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ የመጣው ነው። በዚያው ክረምት ዋሽንግተን ለሶማሊያ «የመከላከያ» መሣሪያ ለመስጠት በመርህ ደረጃ ፈቃደኝነቷን አሳየች። የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን መግባቱ ሲታወቅ ቃሏን መልሳ ዋጠች፤ ሞቃዲሾ ግን የሰማችውን ሰምታለች። የሰማዩ ውጊያ ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፦ የሶቪየት ሚጎችን የሚያበሩ ሶማሌዎችን የረቱት አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 የያዙ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ነበሩ። የካራማራ ድል በየካቲት 1970 ዓ.ም. ሲበሰር የኩባ ወታደሮችና የሶቪየት ጄኔራሎች እኛ ጎን ነበሩ። የካርተር የደኅንነት አማካሪ ዝቢግኒው ብርዤዚንስኪ ኋላ ከሞስኮ ጋር የታሰበው የኒውክሌር ስምምነት በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀበረ ማለታቸው የታወቀ ነው። እኛ ስለ ጅጅጋ ስናስብ እሳቸው ስለ ሚሳይል ያስቡ ነበር።

በሐምሌ 1972 ዓ.ም. አምባሳደሩ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ኤምባሲው በጉዳይ ፈጻሚ ተመራ። በዚያው ዓመት ካርተር የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ግን ሱዳን ለገቡ ሺዎች የዋሽንግተንን በር ከፈተ። ዛሬ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው ትልቁ ማኅበረሰብ መነሻው እዚያ ነው።

ሮናልድ ሬገን የኮሚኒስት ጠላት ነበሩ፤ አዲስ አበባ ደግሞ የሌኒንን ሐውልት ያቆመች ከተማ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የኮረም ምስል በቢቢሲ ሲታይ ግን ፋይሉ በድንገት በረሃቡ በር ገባ። የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም የሚለው የሬገን አነጋገር ለእህሉ መፍሰስ ምክንያት ሆነ፤ አሜሪካም ትልቋ ለጋሽ ሆነች። የደርግን ቁጣ የሰሜኑ አማፅያን በሱዳን በኩል እህል ማግኘታቸው አባባሰው፤ እህልና ጦርነት እኛ ዘንድ ከዚያ ወዲህም አልተላቀቁም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ሆነ። ቡሽ አባት የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝን ቀደም ብለው ወደ መንግሥቱ የላኩት ስለ ቤተ እስራኤላውያን ነው፤ ግንቦት 13 መንግሥቱ ከአገር ወጡ፣ ግንቦት 16 እና 17 ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ፣ ለመንግሥትም 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። ግንቦት 19 ለንደን ላይ የስቴት ዲፓርትመንቱ ሄርማን ኮኸን የሰላም ጉባኤ ከፈቱ፤ በማግስቱ ኢሕአዴግ ከተማዋን ያዘ። የኮኸን ሚና ለሠላሳ ዓመት ሲያከራክር ኖሯል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያለቀለትን ጦርነት አሜሪካ አልወሰነችውም፤ አዲስ አበባ ሞቃዲሾን እንዳትሆን ግን ግፊት አድርጋለች።

የክሊንተን ዘመን ባጭሩ ይታለፋል፦ «አዲሱ የአፍሪካ መሪዎች ትውልድ» የተባሉት መለስና ኢሳይያስ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ተዋጉ፤ የክሊንተን መልእክተኛ አንቶኒ ሌክ ለማስታረቅ ተመላለሱ፤ የአልጀርስ ውል ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ተፈረመ። የአጎዋ የንግድ ዕድልም በዚሁ ዘመን ጸደቀ።

ቡሽ ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት በሮች ከፈቱ። አንዱ የፀረ ሽብሩ ነው። የ1997ቱ ምርጫ ውዝግብ፣ የተገደሉት ሰልፈኞችና የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች ኮንግረስ ውስጥ ዶናልድ ፔይንን አስነሥተው፣ ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲ የረቀቀው ሕግ በመስከረም 2000 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ ሴኔት ላይ ግን ቀረ። ጦራችን በታኅሣሥ 1999 ሞቃዲሾ ገብቶ ነበርና ዋይት ሃውስ ረቂቁን አልወደደውም። ሁለተኛው በር ፔፕፋር ነው። ቡሽ በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የኤድስ ፕሮግራም ኢትዮጵያን ከዋና ዋና ተጠቃሚዎች ተርታ አሰለፈ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም መድኃኒቱ በነፃ ይሰጥ ጀመር። በየሰፈሩ ለሞት ተቆርጠው የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በኢራቅ ጦርነት ዓለም የጠላቸው ፕሬዚዳንት እዚህ ካደረጉት ውስጥ ይህ ይበልጥብኛል፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

ባራክ ኦባማ ሐምሌ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. ቦሌ ሲያርፉ፣ በሥልጣን ላይ እያሉ ኢትዮጵያን የጎበኙ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጥቂት ቀደም ብሎ ጋዜጠኛዋ ርዕዮት ዓለሙና ከዞን 9 ጦማርያን አንዳንዶቹ ተፈትተዋል። ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበሮች በወሰዱ በሁለት ወሩ መንግሥቱን በዴሞክራሲ የተመረጠ ማለታቸው ግን ብዙዎችን አስቆጣ። በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ሥልጣን የማይለቁ መሪዎችን ሲነቅፉ ያጨበጨበውና በዚህኛው ያዘነው ሰው አንድ ነው። የአርባ ምንጩ የድሮን ጣቢያ ያኔ ገና ሥራ ላይ ስለነበር፣ የፀረ ሽብሩ በር አልተዘጋም ነበር።

ከዚያ በኋላ የካይሮ በር ተከፈተ። እዚህ ላይ ስለ ዋሽንግተን ቢሮዎች አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፦ በስቴት ዲፓርትመንት ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቢሮ ሥር ስትሆን ግብፅ በመካከለኛው ምሥራቅ ቢሮ ሥር ናት፤ በጦሩም እኛ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአፍሪኮም ስንሆን እሷ በሴንትኮም ናት። ዓባይ ሁለቱን ቢሮዎች ያጋጫል፣ የመካከለኛው ምሥራቁ ቢሮ ደግሞ ክብደት አለው። የግብፁ ፕሬዚዳንት አልሲሲ ዶናልድ ትራምፕን በሕዳሴ ግድቡ ውዝግብ እንዲሸመግሉ ሲጠይቁ ጉዳዩ ለሁለቱም ሳይሰጥ ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ ለስቲቨን ምኑሽን ተሰጠ። በጥቅምት 2012 በታዛቢነት የጀመረው መሥሪያ ቤት በየካቲት ሰነድ አርቃቂ ሆነ፤ ኢትዮጵያ በመጨረሻው ዙር ሳትገኝ ቀረች። ከግድቡ ሙሌት በኋላ የተወሰነ ርዳታ ታገደ፤ ጥቅምት 13 ቀን 2013 ደግሞ ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል ተናገሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የአሜሪካውን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። ጆ ባይደን የርዳታውን እገዳ ከግድቡ ጉዳይ ቢለዩትም፣ ጦርነቱ ሌላ በር ከፈተ፦ ልዩ መልእክተኛ ጄፍሪ ፌልትማን፣ የመስከረም 7 ቀን 2014 የማዕቀብ ትእዛዝ፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ የአጎዋ መነፈግ። የመጨረሻው የመታው ውሳኔውን ያሳለፉትን ሰዎች አልነበረም፤ የልብስ ኩባንያው ፒቪኤች ሐዋሳን ሲለቅ ከሥራ የቀሩት የስፌት ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የፓርቲ ስምም እዚህ ላይ አያስኬድም። በ2010 በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈውን፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ኤችአር 128 ያመጡት ሪፐብሊካኑ ክሪስ ስሚዝ ናቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ ለአዲስ አበባ የተከራከሩት ሴናተር ጀምስ ኢንሆፍም ሪፐብሊካን ነበሩ። «በቃ» እያለ አደባባይ የወጣው ዲያስፖራም ተከፍሎ ነበር፤ ከፊሉ በቨርጂኒያ የአገረ ገዢ ምርጫ ዴሞክራቶችን ለመቅጣት ሲቀሰቅስ፣ የትግራይ ተወላጆች በበኩላቸው ማዕቀቡ ይጥበቅ ሲሉ ተሰልፈዋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም አሜሪካ በታዛቢነት ተቀምጣለች።

ትራምፕ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመለሱ የረሃቡም የመድኃኒቱም በር ባንድ ቀን ፊርማ ተገታ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉት ከፍተኛውን የዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ከሚቀበሉት አንዷ ነበረች፤ በዓመት ከቢሊዮን ዶላር በላይ። በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ፤ ሰኔ 24 መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተዘጋ። ትራምፕ በዚያው ክረምት ግድቡን አሜሪካ በሞኝነት በገንዘቧ እንዳሠራች ደጋግመው ተናገሩ፤ ቦንድ የገዛና ከደመወዙ ያስቆረጠ ሁሉ ሰምቶ ተገረመ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። የአፍሪካን ጉዳይ አሁን የያዙት የትራምፕ ከፍተኛ አማካሪ ማሳድ ቡሎስ ናቸው፤ የቲፈኒ ትራምፕ ባል አባት፣ አስቀድሞ የተሾሙትም የአረብና የመካከለኛው ምሥራቅ ጉዳዮች አማካሪ ሆነው ነው።