የጌሙ ዓለምና የደጃችን ዓለም

ስለ ቪዲዮ ጌም ሲነሳ በወላጅና በልጅ መካከል የሚደረገው ንግግር ብዙውን ጊዜ «ዝጋው!» እና «ትንሽ ብቻ!» ከሚሉት ቃላት አያልፍም። ልጁ በዚያ ስክሪን ውስጥ የት የት እንደሚዞርና ምን እንደሚያይ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ስለሆነም ዛሬ ወጣቶች አብዝተው ከሚወዷቸው የጌም ዓይነቶች አንዱን እንመለከታለን። ይኸውም ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በሰፊ ምድር ላይ እንደ ልቡ የሚዘዋወርበት «ክፍት ዓለም» የሚባለው ነው። ጥያቄያችን አጭር ነው፦ በእነዚህ ዓለማት ውስጥ መዞር ልጅን የሚያስተምረው መቼ ነው? ጊዜውን ብቻ የሚበላውስ መቼ ነው?

ስፋት ብቻውን ዓለም አይሆንም

«ዘ ኤልደር ስክሮልስ» የተባለውን ተከታታይ ጌም እንውሰድ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ዳገርፎል» የብሪታንያን ደሴት የሚያህል ምድር እንዳለው ተነግሮለት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ከተሞችና መንደሮችም አሉት። አብዛኞቹን የደረደራቸው ግን ኮምፒዩተር በመሆኑ አንዱን መንደር ያየ ሌላውንም አየ ማለት ይቻላል። በ2002 የተከተለው «ሞሮዊንድ» በአንጻሩ ከ30 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ እንኳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ይሁን እንጂ የ«ሞሮዊንድ» ምድር በሰው እጅ ታስቦበት የተሠራ በመሆኑ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

በአሰሳውም ረገድ ልዩነት አለ። በ«ሞሮዊንድ» ውስጥ ተጫዋቹን ወደ ግቡ የሚመራ ቀስት የለም። የመንዝ ገበሬ ለእንግዳ «ወንዙን ተሻገር፣ ትልቁን ዋርካ ወደ ግራ ተው» እንደሚለው ሁሉ፣ እዚያም የመንደሩ ሰው በቃል ይነግረዋል፤ ቀሪው የተጫዋቹ ዓይንና ትዝታ ነው። በ2011 የወጣው «ስካይሪም» ግን በኮምፓሱ ላይ ምልክት አስቀምጦ ይመራዋል። ምልክቱን ብቻ የሚከተል ልጅ ተራራውን ያልፈዋል እንጂ አያየውም። የኒንቴንዶ «ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ» (2017) ደግሞ ተጫዋቹን ከፍታ ላይ አውጥቶ፣ አካባቢውን ቃኝቶ መንገዱን ራሱ እንዲመርጥ ያደርገዋል።

ሁሉም ነገር ምክንያት ሲኖረው

መልካም ዓለም ማለት ነገሮቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙበት ነው። አሁን በጠቀስነው የኒንቴንዶ ጌም ዝናብ ሲዘንብ ገደሉ ያንሸራትታል፤ ብረት የያዘውን መብረቅ ይመታዋል፤ ደረቅ ሣር ከተቀጣጠለ ነፋስ ወደ ላይ ያነሳል። ከፖላንዳዊው ደራሲ ከአንድዜይ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት የተወሰደው «ዘ ዊቸር 3» (2015) ደግሞ ጦር ያለፈበት መንደር እንዴት እንደሚራብ ያሳያል።

ይህን ያደነቀ ወጣት ጓሳን ቢያይ ምን ይል ይሆን? በዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል በሰላም ይዘዋወራል። ግልገሎቻቸውን ትቶ አይጥ ያድናል፤ አደኑም በመንጋው መካከል ሲሆን የበለጠ ይሳካለታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። እንዳይጠፋም ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና በስምምነት ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ነዋሪው ቆይቶ በአዲስ መልክ አቁሞታል። እንዲህ ያለውን ሕግ የትኛውም ጌም ሠሪ ቢያስበው ይኮራበት ነበር።

የሰማና የሄደ

ከመንዝ ደጋ በስተምሥራቅ ገደሉን ሲወርዱ ይፋት ይገኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በወላስማዎች ሥር የተነሳው የይፋት ሱልጣኔት አገር ነው። ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ በኖራ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ የመስጊዱም ግድግዳ ይታያል። ስለዚህ አገር በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-ዑመሪ ወደዚህ አልመጣም፤ ከአገሩ ሰዎች የሰማውን ነው ያሰባሰበው። በዘመኑ የነበረው ኢብን በጡጣ ግን እስከ ዘይላዕ ድረስ ራሱ ተጉዟል። ጌም ሠሪ እንደ ዑመሪ ሰብስቦ ያዋቅራል፤ ተጫዋችም እንደ ኢብን በጡጣ ይዞራል። «አሳሲንስ ክሪድ ሚራጅ» (2023) የ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድን ሠርቶ፣ ስለ ከተማይቱ ታሪክ የሚነበብ ክፍል አክሎበታል። ባግዳድ ከተቻለ ይፋትስ ለምን አይቻልም? ኮምፒዩተር የሚማሩ ወጣቶቻችን ሊያስቡበት ይገባል።

ከወላጅ ምን ይጠበቃል?

ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሚራጅ» የሚያጠነጥነው በግድያ ላይ ነው። «ዘ ዊቸር 3» ለአዋቂ ብቻ የተሠራ ሲሆን የእርቃን ትዕይንት አለበት። በ«ስካይሪም» ደግሞ ተጫዋቹ በፈጠራ አማልክት መሠዊያ ፊት እርዳታ ይጠይቃል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ገደብ ማንበብ፣ ልጁ በእምነቱ «ይህ ልቦለድ ነው፤ አምልኮ ግን ለአላህ ብቻ ነው» ብሎ መለየት መቻሉን ማረጋገጥ የወላጅ ፋንታ ነው። ጌሙ ሶላትና ጥናት የሚያሳልፍ ከሆነም ምንም ያህል ያማረ ዓለም ቢኖረው አይጠቅምም።

ሆኖም መከልከል ብቻውን መልስ አይሆንም። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋፋው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጉዞም አስጊ ሆኗል። ለአንዳንድ ልጅ ያለ ስጋት የሚዞርበት ምድር ስክሪኑ ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ልጅ «ዝጋው» ከማለት በፊት አጠገቡ ተቀምጠን «ይህ መንደር ለምን እዚህ ተሠራ? ውኃውን ከየት ይቀዳል? ድልድዩን ማን ሠራው?» ብለን እንጠይቀው። ቀጥሎም ያንኑ ጥያቄ ስለ ራሱ ቀበሌ ይመልስ፤ ካርታውን በወረቀት ይሳል፤ የቦታዎቹን ስም ከአያቱ ይጠይቅ። የመርሐቤቴ ልጅ የጀማን ሸለቆ፣ የግሼ ልጅ የደጋውን መንገድ፣ የይፋት ልጅ የኖራን ፍርስራሽ በዚህ መንገድ ከቤቱ ሳይወጣ መማር ይጀምራል። መንገዱ ሰላም ሲሆን በእግሩ ሄዶ ያየዋል፤ ያን ቀን ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል።

አላህ ለልጆቻችን ሰላምንና ጠቃሚ እውቀትን ይስጣቸው። አሚን።