የሎንዶኑ ቆራሌውና ልጁ

ሰውን ማሳቅ ቀላል ሥራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አስቂኝ ቴአትርን ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ከሳቁ በታች ሐዘን፤ ከቀልዱም በስተኋላ ብዙ ድካም እንዳለ ይገነዘባል። ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆነን በእንግሊዝ አገር «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» ማለት «ስቴፕቶና ልጁ» እየተባለ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረው ቴአትር ነው። ይህ ቴአትር በመጀመሪያ ከ1962 እስከ 1965፤ ኋላም ከ1970 እስከ 1974 ድረስ ታይቷል። ስለዚህ እነማን እንደ ጻፉት፣ እነማን እንደ ተጫወቱትና ለምን ያን ያህል እንደ ተወደደ ለመጽሔታችን አንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች «ሲትኮም» የሚሉት የቴአትር ዓይነት የራሱ ሥርዓት አለው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ይታያል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ቤቱም ያው ነው፤ የሚለዋወጠው የሳምንቱ ችግር ብቻ ነው። ችግሩ ይነሣል፤ ይወሳሰባል፤ በመጨረሻም ሰዎቹ ወደ ተነሡበት ቦታ ይመለሳሉ። እንግዲህ ደራሲው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሊለያዩ የማይችሉበት ምክንያት ምን እንደሆነ ነው። መለያየት ከቻሉማ በመጀመሪያው ጠብ ቀን ቴአትሩ ያልቃል። የስቴፕቶ ደራሲዎች ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ ከሁሉ የቀለለ፤ ከሁሉም የጠለቀ ነበር። ይኸውም አባትና ልጅ የሚል ነው።

ደራሲዎቹ ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን ይባላሉ። የተገናኙትም በተማሪ ቤት ወይም በቴአትር ቤት ሳይሆን በሆስፒታል ነው። በ1948 ሁለቱም ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው በሳንባ ነቀርሳ ታመው፤ ከሎንዶን በስተደቡብ በሰሪ አውራጃ፣ ሚልፎርድ በሚባል ቦታ በነበረው የነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ ተኝተው ነበር። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ ብዙ ወጣቶችን ይገድል ነበር፤ ሕክምናውም በአብዛኛው ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ በአልጋ ላይ መዋል ነበር። ሲምፕሰን ሕመሙ ጠንቶበት ለሞት ተቃርቦ እንደ ነበር ይነገራል። ሁለቱ ወጣቶች ግን ያን ረጅም ጊዜ በትካዜ ብቻ አላሳለፉትም። በራዲዮ የሚተላለፈውን የአሜሪካኖች ቀልድ እያዳመጡ ይወያዩ ነበር፤ ቆይተውም ለሆስፒታሉ የውስጥ ራዲዮ አጫጭር አስቂኝ ጨዋታዎችን መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያ አድማጮቻቸውም እንደ እነርሱ አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማን ነበሩ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ጽሑፋቸውን ለቢ.ቢ.ሲ. አቀረቡ። ከ1954 ጀምሮም ቶኒ ሃንኮክ ለተባለው ዝነኛ ኮሜዲያን «የሃንኮክ ግማሽ ሰዓት» የተባለውን ፕሮግራም በመጀመሪያ ለራዲዮ፤ ቀጥሎም ለቴሌቪዥን ጻፉ። ከዚያ በፊት የነበሩት የቀልድ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ቀልድን ከዘፈንና ከሙዚቃ ጋር የሚያፈራርቁ ነበሩ። የጋልተንና የሲምፕሰን ጽሑፍ ግን ሳቁን የሚያመጣው ከሰውየው ጠባይ ነው። ሃንኮክ ራሱን ትልቅ ሰው አድርጎ ይቆጥራል፤ ዓለም ግን አይቆጥረውም፤ ተመልካቹም በዚህ ይስቃል። በ1961 ሃንኮክ ከደራሲዎቹ ጋር መሥራቱን ተወ።

በዚህ ጊዜ የቢ.ቢ.ሲ. የመዝናኛ ክፍል ሹም የነበሩት ቶም ስሎን ሁለቱን ሰዎች ጠርተው፤ የወደዱትን ርእስ መርጠው፣ ለወደዱት ተጫዋች፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አሥር አጫጭር ቴአትሮችን እንዲጽፉ ዕድል ሰጧቸው። ደራሲዎቹም ከአሥሩ ለአንዱ ሐሳብ አጥተው ሲጨነቁ «ስለ ሁለት ቆራሌዎች ብንጽፍስ?» ተባባሉ። መጻፍ ሲጀምሩ የሁለቱ ሰዎች ዝምድና ምን እንደሆነ እንኳ አልወሰኑም ነበር፤ ንግግሩ እየገፋ ሲሄድ ግን አባትና ልጅ መሆናቸው ተገለጠላቸው። ይህ «ዘ ኦፈር» የተባለው ጨዋታ ጃንዩዋሪ 5 ቀን 1962 በቴሌቪዥን ታየ።

«ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰው የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አይገኝም። በሎንዶንም የዚህ ሙያ ወንድም የሆነ ሥራ ነበር። ሠራተኞቹ በፈረስ በሚጎተት ጋሪ እየዞሩ አሮጌ ጨርቅ፣ አጥንት፣ ብረታ ብረትና የተሰበረ የቤት ዕቃ ይሰበስቡ ነበር። ጨርቁ ወረቀት ለሚሠሩ፣ አጥንቱ ሙጫ ለሚያፈሉ፣ ብረቱ ለሚያቀልጡ ይሸጥ ነበር። ቴአትሩ በተጀመረበት ዘመን ይህ ሥራ እየጠፋ ነበር። አልበርት ስቴፕቶና ልጁ ሃሮልድ ግን በሎንዶን በሼፐርድስ ቡሽ ሰፈር፤ ሰው በጣለው ዕቃ በተሞላ ግቢ ውስጥ፤ ሄርኩለስ ከሚባለው ፈረሳቸው ጋር ይኖራሉ።

አልበርት ሚስቱ የሞተችበት፣ ብልጥና ነጭናጫ ሽማግሌ ነው። ሃሮልድ ወደ አርባ ዓመት የተጠጋ፣ ያላገባ፣ ጋሪውን እየነዳ አባቱን የሚያበላ ልጅ ነው። ሃሮልድ መማርን ይመኛል፤ ስለ ፖለቲካ ያነባል፤ የታላላቅ ሙዚቀኞችን ሥራ ያዳምጣል። ሰዎች ከጣሏቸው ጠርሙሶች የተረፈውን የወይን ጠጅ ጠብታ እያጠራቀመ፤ እንደ ሀብታም ቤት የመጠጥ መደርደሪያ ያሰናዳል። በየሳምንቱ ከዚያ ግቢ የሚወጣበትን መንገድ ይፈልጋል፤ በየሳምንቱም አባቱ መንገዱን ይዘጋበታል። አንድ ጊዜ ልቤን አመመኝ ብሎ ይወድቃል፤ አንድ ጊዜ የመጣችውን እጮኛ በነገር ያባርራል። በዚህ ጊዜ ሃሮልድ በብስጭት «አንተ ቆሻሻ ሽማግሌ!» ይለዋል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ አንተንና አንቱን ባይለይም፤ ንግግሩ ለአባት የማይገባ መሆኑን ተመልካቹ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም እየደነገጠ ይስቅ ነበር።

ሽማግሌው ግን ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። የሚፈራው ጧሪ ቀባሪ አጥቶ ብቻውን መቅረትን ነው። ልጁም እስረኛ ብቻ አይደለም። ይህንን በሚገባ የሚያሳየው የመጀመሪያው ጨዋታ መጨረሻ ነው። ሃሮልድ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ዕቃውን ሁሉ በጋሪ ላይ ይጭናል። አባትዮው ፈረሱን ይከለክለዋል። ሃሮልድም ጋሪውን በገዛ ጉልበቱ ለመጎተት ይታገላል፤ ጋሪው ግን ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ተስፋው ተቆርጦ ያለቅሳል፤ አባቱም ሻይ ላፈላልህ ብሎ አባብሎ ወደ ቤት ያስገባዋል። እንግዲህ ሃሮልድን የያዘው የጋሪው ክብደት ነው ወይስ የገዛ ልቡ? ደራሲዎቹ መልሱን ለተመልካቹ ትተውታል።

ልቅሶው እውነተኛ ነበር። ጋልተንና ሲምፕሰን ለዚህ ቴአትር ኮሜዲያን አልፈለጉም፤ የፈለጉት ስለ ሳቁ ሳይጨነቁ ሰውየውን የሚሆኑ ተዋናዮችን ነው። ሃሮልድን የተጫወተው ሃሪ ኤች. ኮርቤት በ1925 በበርማ በራንጉን ከተማ ተወልዶ በማንቸስተር ያደገ፤ በጆን ሊትልዉድ የቴአትር ጓድ ውስጥ ሼክስፒርን የተጫወተ ሰው ነበር። አልበርትን የተጫወተው ዊልፍሪድ ብራምቤል በ1912 በአየርላንድ በደብሊን ከተማ ተወለደ። ተመልካቹ ትልቅ ሽማግሌ ያደርገው ነበር እንጂ፤ ጨዋታው ሲጀመር ገና 49 ዓመቱ ነበር፤ «ልጁን»ም የሚበልጠው በ13 ዓመት ብቻ ነበር። ያን የሚያስጠላ ሽማግሌ ለመምሰልም የተበላሸ የሚመስል ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደርግ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ዳንከን ዉድ ሲሆን፤ የመክፈቻውን ሙዚቃ የደረሰው ሮን ግሬነር ነው።

ቶም ስሎን ይህ ጨዋታ ይቀጥል ቢሉ ደራሲዎቹ አመነቱ። በመጨረሻም ተዋናዮቹ እምቢ ይላሉ ብለው ተስፋ በማድረግ «እነርሱ ከተስማሙ እንጽፋለን» አሉ። ሁለቱም ተስማሙ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ቴአትሩን ይመለከት ጀመር። በኦክቶበር 1964 የምርጫው ዕለት የሠራተኛው ፓርቲ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን፤ ደጋፊዎቼ ድምፅ መስጠቱን ትተው ስቴፕቶን ለማየት እቤት ይቀራሉ ብለው ሰጉ። ስለዚህ የቢ.ቢ.ሲ.ን ዋና ዳይሬክተር ለመኑ፤ የፕሮግራሙም ሰዓት ወደ ኋላ ተገፋ። ፓርቲው ያሸነፈው በአራት መቀመጫ ብልጫ ብቻ ነበር።

በ1972 ከታዩት ጨዋታዎች አንዱ አባትና ልጅ ተጣልተው ቤታቸውን በግድግዳ ለሁለት ሲከፍሉት ያሳያል። በመጨረሻ ቤቱ እሳት ይነሣበትና ሁለቱም ሆስፒታል ገብተው በጎን ለጎን አልጋ ይተኛሉ። ይህ ጠብና ፍቅር በሌላ አገርም የታወቀ ስለሆነ ቴአትሩ በሆላንድና በስዊድን በየቋንቋቸው ተሠርቷል። በአሜሪካም ከ1972 እስከ 1977 «ሳንፎርድ ኤንድ ሰን» ተብሎ፤ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ጥቁር አባትና ልጅ የሚታዩበት ሆኖ ቀርቧል።

ዝናው ግን ዋጋ አስከፍሏል። ኮርቤት ታላላቅ ገጸ ባሕርያትን ሊጫወት የሚችል ሰው ሳለ፤ ሕዝቡ ሃሮልድን እንጂ ሌላ ሰው አላይበትም አለ። ሃሮልድ ከግቢው መውጣት እንዳቃተው ሁሉ ኮርቤትም ከሃሮልድ መውጣት አቃተው። በ1982 በ57 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ፤ ብራምቤልም በ1985 ተከተለው። ሲምፕሰን በ2017፣ ጋልተን በ2018 ዐረፉ። ሁለቱ ደራሲዎች በ2016 የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበብ አካዳሚ ከፍተኛውን ክብር ሰጥቷቸው ነበር።

አንድ ሌላም ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ቴፕ ውድ ስለ ነበረ፤ ቢ.ቢ.ሲ. የብዙ ፕሮግራሞችን ቴፕ እያጠፋ ሌላ ይቀዳበት ነበር። የስቴፕቶ ጨዋታዎች ሁሉ ዛሬ መገኘታቸው፤ ደራሲዎቹ ለራሳቸው ያስቀመጡት ቅጅ ስለ ነበረ ነው። ከዚህም የተነሣ በቀለም ከተሠሩት አንዳንዶቹ አሁን የሚታዩት በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፤ ሁለት የታመሙ ወጣቶች በአልጋ ላይ ሳሉ የጀመሩት ሥራ የአንድን አገር ቴአትር ለመለወጥ መቻሉ ነው። ከእኛም መካከል መጻፍ የሚወድ ተማሪ ቢኖር፤ የተመቸ ጊዜና የተመቸ ቦታ እስኪመጣ ድረስ አይጠብቅ። ሁለተኛው፤ ሳቅ እውነትን ለመናገር የሚያገለግል መሆኑ ነው። ልጅ ወላጁን መጦር ይገባዋል፤ ወላጅም ልጁ የራሱን መንገድ እንዲሄድ መፍቀድ ይገባዋል። እነዚህ ሁለት ግዴታዎች በአንድ ቤት ውስጥ ሲጋጩ ምን እንደሚሆን በምክር ብቻ ቢነገር ብዙ ሰው አይሰማውም። ጋልተንና ሲምፕሰን ግን በአንድ ጋሪና በአንድ ስኒ ሻይ አሳይተውታል። ስለዚህ ይህን ቴአትር የማየት ዕድል የገጠመው ተማሪ ከወላጆቹ ጋር አብሮ ቢያየው መልካም ነው፤ ከሳቁም በኋላ የሚነጋገሩበት ነገር አያጡም።