ከአብነት እስከ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት፦ መከራ በክርስትና እምነት

(ምስል፦ የአብነት ባቡር ጣቢያ፤ ባቡር ሲገባና ሲወጣ።)

ተራኪ፦ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የአብነትን ሰፈር አቋርጦ የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር ወደ ሰሜን ሲወጣ በሰባተኛ፣ በአውቶቡስ ተራ፣ በጎጃም በረንዳና በአትክልት ተራ አድርጎ ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ደግሞ በዳርማርና በልደታ በኩል ወደ ሜክሲኮ ይዘልቃል። ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መከራን በምን ዓይን እንዳዩትና በምን ቃል እንደተሸከሙት ለሚያጠና ሰው ይህ አጭር መንገድ ብዙ ይነግረዋል፤ በሰሜኑ ጫፍ ስለ እምነቱና ስለ አገሩ ሞትን የመረጠ ጳጳስ ሐውልት ቆሟል፣ በደቡቡ አቅጣጫ ደግሞ ሕመሙን ያልመረጠ ሰው ተራውን የሚጠብቅበት ሆስፒታል አለ።

(ምስል፦ የጻድቁ ሥዕል፤ ካሜራው ከፊታቸው ወደ እግራቸው ይወርዳል።)

ተራኪ፦ ከአብነት ብዙም በማይርቀው በደብረ አሚን ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን የሚታሰቡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ ጻድቅ ሲሆኑ፣ ሠዓሊዎች የሚሥሏቸው ባለ ስድስት ክንፍ፣ እጆቻቸውን ለጸሎት የዘረጉና በአንድ እግራቸው የቆሙ አድርገው ነው፤ የተሰበረችው እግር ብዙውን ጊዜ ከጎናቸው ለብቻዋ ትሣላለች። ገድላቸው፣ ማለትም የቅዱሱን ተጋድሎ የሚተርከው መጽሐፍ፣ ለረጅም ዘመን በጸሎት ከመቆማቸው የተነሣ አንድ እግራቸው ቢሰበር በቀረችው ሰባት ዓመት እንደጸለዩ ይናገራል፣ ቤተ ክርስቲያንም ጥር 24 ቀን ይህንኑ ታስባለች። ገድል መከራን የሚያቀርበው ድንገት እንደሚወርድ አደጋ ብቻ አይደለም፤ አማኙ ወድዶና ፈቅዶ የሚገባበት ሥራ አድርጎም ያቀርበዋል፣ ጾሙም ስግደቱም ቆሞ ማደሩም ነፍስን የሚያሠለጥኑ ተግባራት ሆነው የሚቆጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ትምህርት ከሁሉ የከበደው ፈተና የገጠመው በጻድቁ በራሳቸው ገዳም ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣልያ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና በከተማዋ ለቀናት የቆየው ጭፍጨፋ ከተፈጸመ በኋላ፣ የፋሺስት ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት በሤራው ተባባሪነት ከሰሰ፤ ግድያውም የተፈጸመው ምእመናን የጻድቁን ፍልሰተ ዐፅም፣ ማለትም ዐፅማቸው የፈለሰበትን ቀን፣ ለማክበር በሚሰበሰቡበት በግንቦት 12 ሰሞን ነበር። ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ሪፖርት 297 መነኮሳትና ተባባሪ የተባሉ 23 ሰዎች፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ገልጿል፤ ታሪኩን በስፋት ያጠናው ኢያን ካምቤል ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሰዋል። በጻድቁ በዓል፣ በጻድቁ ቦታ፣ የጻድቁ ልጆች ሲታረዱ ሰማይ ለምን ዝም አለ የሚለው ጥያቄ የክህደት ጥያቄ አይደለም፤ ጥያቄውን ቀድመው የሚጠይቁት ያመኑት ናቸውና።

(ምስል፦ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት፤ ከታች ወደ ላይ።)

ተራኪ፦ ከዚህ ጭፍጨፋ አሥር ወር ያህል ቀደም ብሎ የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስም የዚሁ ገዳም ተማሪ ነበሩ። ሰላሌ ውስጥ በፍቼ አካባቢ ተወልደው በደብረ ሊባኖስ የመነኮሱት እኚህ አባት በ1921 ዓ.ም. በግብጽ ጵጵስና ከተቀበሉት አራት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ለ1,600 ዓመት ገደማ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሶቿን ታስመጣ የነበረው ከግብጽ ነበርና የአራቱ ሹመት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. ወራሪውን የጣልያን ጦር ለመመከት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ማይጨው ዘመቱ፣ ጦሩ ከተፈታ በኋላም ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አርበኞች በአዲስ አበባ ላይ ለከፈቱት ጥቃት መንፈሳዊ ብርታት ሆኑ። ጥቃቱ በክረምቱ መካከል ከሸፈ፣ አርበኞቹም ወደ ኋላ ሲመለሱ ጳጳሱ በጠላት እጅ ገቡ።

በፍርዱ ላይ የሆነው በሰፊው ይተረካል። የጣልያኑ ዳኛ ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ለአዲሱ ገዥ ሲገቡ እርሳቸው ለምን እንዳመጹ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ቄርሎስ የሌላ አገር ሰው መሆናቸውን፣ እርሳቸው ግን ለአገራቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው በእግዚአብሔር ፊት ኃላፊነት እንዳለባቸው መለሱ ይባላል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ከመደብደባቸው በፊት ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ፤ ግዝት ማለት ካህን በመንፈሳዊ ሥልጣኑ የሚያስረው ማሰሪያ ሲሆን፣ ለዚያ ዘመን ሰው ከሞት ፍርዱ የሚበልጥ ክብደት ነበረው። ሌላው ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም ጥቂት ወራት ቆይቶ በጎሬ ተገደሉ።

ይህች ሰዓት በኢትዮጵያ ጸሐፊዎች አእምሮ ውስጥ ደጋግማ ተመላልሳለች። መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» በተባለው ድርሰታቸው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በሚለው ቴአትሩ አንሥተዋታል። የጸጋዬ ጴጥሮስ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፤ ቅዱሱ እንደ ድንጋይ የማይነቃነቅ ሆኖ አልቀረበም፣ በልቡ ከእመቤታችን ጋር የሚሟገት፣ የልጅነቱን መንደር የሚያስታውስ፣ የሚጨነቅና የሚለምን ሰው ሆኖ ቀርቧል። ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው፤ ምስክርነቱም ሥቃይ አይሰማውም ማለት እንዳልሆነ ደራሲው በትክክል ተረድቶታል። ወንጌላውያኑም ክርስቶስን በጌቴሴማኒ ያቀረቡት ጽዋው እንዲያልፍለት ሲለምን ነው፤ ጴጥሮስ ከዚያ የበለጠ ድፍረት ይኑረው ማለት ከመጽሐፉ በላይ መሄድ ይሆናል።

(ምስል፦ በ2005 ዓ.ም. የተቀረጸ፤ ሐውልቱ በክሬን ሲነሣ። ድምፁ እንዳለ ይቆይ።)

ተራኪ፦ ከአብነት ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወስደው የባቡር መስመር በዋሻ የሚያልፈው በዚሁ ሐውልት ሥር ነው። ለዋሻው ቁፋሮ ሲባል ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ ይመለሳል የሚል ቃል ቢሰጥም የከተማው ሰው ጉዳዩን በሥጋት ይከታተለው ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው እስኪመለስም ድረስ ሥጋቱ አልተነሣም። በዚህ ፊልም ላይ ጎልቶ የሚታየው በክሬኑ ገመድ የታሰረው ሐውልት ብቻ አይደለም፤ ከታች ቆመው ቀና ብለው የሚያዩት ሰዎች ፊት የበለጠ ይናገራል። ሕዝቡ ለሐውልቱ እንዲህ የሳሳው የጴጥሮስን መከራ የራሱ አድርጎ ስለያዘው ነው።

የሰማዕትነቱ መዝገብ በ1928 ዓ.ም. አልተዘጋም። በ1971 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ከመንበራቸው ያወረዳቸውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በእስር ሳሉ ገደለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተገደሉ። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቢቀርብላቸውም መንጋቸውን ትተው አልሄዱም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም በእስርና በሥቃይ ለዓመታት ቆዩ። በ1974 ዓ.ም. የተዘጋችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መሪዎቿ ታስረው ምእመናኗ በየቤቱ ተደብቀው እየተሰበሰቡ፣ ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው ቁጥራቸው ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ደርሶ ነበር። እምነት የጎደለው ሰው ነው የሚታመመው፣ እምነት የጎደለው ነው የሚደኸየው የሚለው ትምህርት ዛሬ በአንዳንድ አዳራሾች ሲሰበክ፣ ስብከቱ እነዚህን ሰዎች ከክርስቲያንነት መዝገብ እንደሚያወጣቸው ሰባኪው ሊያስብበት ይገባል።

(ምስል፦ ከአብነት ወደ ደቡብ፤ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር።)

ተራኪ፦ የዚህ ዝግጅት የመጀመሪያ ዕቅድ በሰማዕታቱ እንዲያበቃ ነበር፤ ሆኖም በመስመሩ ደቡባዊ አቅጣጫ የተቀረጸው ምስል ሲታይ፣ እስካሁን ከተነገረው ጋር አልገጥም አለ። በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የካንሰር የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ስለዚህም ከየክፍለ ሀገሩ የሚላክ ሕመምተኛ መድረሻው እዚሁ ሆኖ ኖሯል። የራጅ ፖስታውን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ የያዘ አስታማሚ፣ ነጠላዋን ዘርግታ አጥሩ ሥር የተኛች እናት፣ ቀጠሮው ወር ሁለት ወር የተገፋበት ገበሬ በምስሉ ላይ ይታያሉ። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ሕመሙን አልመረጠውም፤ ዳኛም አልጠየቀውም፣ የሚገዝተው ጠላትም የለውም። የጴጥሮስን ታሪክ ወስዶ በእነርሱ ላይ መጫን፣ ምንም ያህል በበጎ ልብ ቢደረግ፣ የሰማዕቱንም የሕመምተኛውንም እውነት ያዛባል።

በዚህ ላይ «ለበጎ ነው» የሚለውን የዘወትር ማጽናኛ መመርመር ያስፈልጋል። ሕመምተኛው ራሱ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሲለው እምነት ነው፤ ክብሩም ትልቅ ነው። ጠያቂው ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ ለበጎ ነው ብሎ ሲወጣ ግን ያው ቃል ሸክሙን ከራሱ አውርዶ በታማሚው ላይ ይጨምረዋል። መጽሐፈ ኢዮብ ይህንኑ ነገር ነው በሰፊው የሚያሳየው፤ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ደግ አደረጉ፣ የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ግን ተሳሳቱ፣ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በጮኸውና በተሟገተው በኢዮብ ላይ አልነበረም፣ ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው በተናገሩት ወዳጆቹ ላይ ነበር። የአገራችን የለቅሶ ሥርዓት ይህን ከመጽሐፉ ጋር የሚስማማ ጥበብ ጠብቆ ይዟል፤ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛ ሲገባ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ይቀመጣል እንጂ ሟቹ ለምን እንደሞተ አያብራራም።

(ምስል፦ የዓርብ ስቅለት ስግደት፤ የወይራ ቅርንጫፍ በካህኑ እጅ። ድምፅ፦ ኪርያላይሶን።)

ተራኪ፦ በሰሙነ ሕማማት፣ ማለትም ከትንሣኤ በፊት ባለው የክርስቶስ መከራ በሚታሰብበት ሳምንት፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በተቀረው ዓመት የማታደርገውን ታደርጋለች፤ ምእመናን አይሳሳሙም፣ መስቀል አይሳለሙም፣ ግብረ ሕማማት የተባለው መጽሐፍ በየሰዓቱ ይነበባል፣ ዓርብ ዕለትም ስግደቱ ሲያበቃ ካህኑ በወይራ ቅርንጫፍ የእያንዳንዱን ጀርባ ነካ ነካ አድርጎ ተጨማሪ ስግደት ያዝዘዋል። ጤነኛውም ሕመምተኛውም፣ ሀብታሙም ድኻውም በአንድ ወለል ላይ የሚወድቅባት ቀን ይህች ናት። የሚሰገደው መከራ ደግ ነገር ነው ተብሎ አይደለም፤ አምላክ ራሱ ገብቶበታል ተብሎ ነው።

ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ምን እንደሚሆን በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሆነው አሳይቷል። በኤችአይቪ ወረርሽኝ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ሕመምተኞች ወደዚያ ጠበል ወጥተው፣ ቫይረሱን የሚገታው መድኃኒት ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላም፣ ክኒን መዋጥ ጠበሉን አለማመን ነው በሚል ብዙዎች ሳይወስዱ ቀሩ፤ ሊድን የሚችል ሰው በእምነቱ ስም ሞተ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን በይፋ አስተማሩ። ቃሉ ከዚያ ቀደም ብሎ ተነግሮ ቢሆን ብዙ ነፍስ በተረፈ ነበር። ምሥጢረ ቀንዲል፣ ማለትም ካህናት ለሕመምተኛ በዘይት ላይ ጸልየው የሚቀቡበት ሥርዓት፣ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል፤ የሚለመንበትም የኃጢአት ስርየትና የሥጋ ፈውስ ነው፣ ሕመምተኛው ሕመሙን እንዲወድድ የሚጠይቅ ሥርዓት አይደለም።